ፕሌትሌቴ 42 ሺህ ነው፤ ጣፊያዬ ይውጣ?

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ ነው፤ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። የዛሬ 14 ወር ድዴ መድማት ጀመረ፤ እግሬ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ወጡ። ስመረመር ፕሌትሌትሽ 8 ሺህ ነው፣ በሽታው አይ ቲ ፒ ይባላል ተባልኩ። ፕሬድኒሶሎን 60 ሚሊግራም ተጀመረልኝና በሦስት ሳምንት 130 ሺህ ገባ። መድኃኒቱ ሲቀነስ ግን 35 ሺህ ይወርዳል። ይጨመርልኛል፣ ይወጣል፤ ይቀነሳል፣ ይወርዳል። አሁን በቀን 30 ሚሊግራም እየወሰድኩ ፕሌትሌቴ 42 ሺህ ነው። ከወር አበባዬ መብዛት በቀር አልደማም። ፊቴ ከማበጡ የተነሳ ሰው አይለየኝም፤ እንቅልፍ የለኝም። ጣፊያሽ መውጣት አለበት ተብያለሁ። እናቴ መድኃኒቱን ትተሽ ግሸን ማርያም እንሂድ ትላለች። አክስቴ ዋግምት ደሙን ያጠራልሻል ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ የደም ካንሰር ነው ብላ ታስፈራራኛለች። ዶክተር፣ ጣፊያዬ ይውጣ ይላሉ? ልጅ መውለድስ እችላለሁ? ባቲ መውረዱንስ ልተው?»

ምላሽ፦

ጣፊያሽ አሁን አይውጣ። ፕሬድኒሶሎኑንም ነገ ጠዋት ተነስተሽ እንዳታቆሚው። እነዚህን ሁለቱን ያስቀደምኩት ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ነው፤ ሰው መሀል ላይ ስልክ ይጠራዋል።

ጥያቄሽን ሳነብ የደነገጥኩት በ42 ሺህ አይደለም። በ14 ወር ነው። 42 ሺህ ፕሌትሌት ይዞ ሱቅ መክፈት ይቻላል፤ ሠርግ ላይ እስክስታ መውረድ ይቻላል። በቀን 30 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ከዓመት በላይ መዋጥ ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የፊትሽ እብጠትና የእንቅልፍ ማጣትሽ የመጡት ከአይ ቲ ፒ አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ነው።

የጎረቤትሽን ነገር በአጭሩ ልዝጋው። አይ ቲ ፒ የደም ካንሰር አይደለም። ቆይቶም ወደ ካንሰር አይቀየርም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከምግብ ማነስም አይመጣም፤ ስለዚህ ቀይ ስር በጆንያ ብትጨርሺ ፕሌትሌትሽ አይነቃነቅም። ቀይ ስር ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም።

በሽታው ምን እንደሆነ በደንብ ካልገባሽ ሕክምናውን መምረጥ አትችይም። ፕሌትሌት የደም ሥር ሲቀደድ ቀድማ ደርሳ ቀዳዳውን የምትደፍን ትንሽ ቅንጣት ናት። መቅኔ ውስጥ ትመረታለች። በጤናማ ሰው በአንዲት ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ትገኛለች፤ ዕድሜዋ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። አይ ቲ ፒ የሚባለው ቁጥሯ ከ100 ሺህ በታች ሲወርድና ሌላ ምክንያት ሲታጣለት ነው።

ባቲ ስለምትወርጂ ምሳሌውን ከዚያው ልውሰድ። የተሸጠ ፍየል ጀርባው ላይ ቀለም ይቀባል፤ የገዛው ሰው ቀለሙን እያየ ለይቶ ይነዳል። በአንቺ ሰውነት የሆነውም ይኸው ነው። የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ ፕሌትሌቶችሽ ባዕድ መስለውት አንቲቦዲ የሚባለውን ቀለም ይቀባቸዋል። ጣፊያሽ ደግሞ ቀለም ያለባቸውን እየለቀመ ይውጣቸዋል። ጣፊያ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። በዚህ ላይ መቅኔውም ስለሚነካ የጎደለውን ያህል አያመርትም። ቀለም ቀቢውን፣ ነጂውንና አምራቹን በልብሽ ያዢልኝ። ከዚህ በኋላ የምጠራው መድኃኒት ሁሉ ከሦስቱ አንዱን የሚነካ ነው።

ነገሩ ደም ውስጥ እንዳለ የታወቀው በድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም አይ ቲ ፒ ካለባት ሴት ግማሽ ሊትር ያህል ደም ተቀድቶ ለራሱ እንዲሰጠው አደረገ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፕሌትሌቱ አሽቆለቆለ፤ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ወጣ፤ ሰውነቱን አንቀጠቀጠው። በሳምንት ገደማ ዳነ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ ሰው አይገኝም። ግን ያቺ ሴት ደም ውስጥ ፕሌትሌት የሚያጠፋ ነገር እንዳለ ያረጋገጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አንድ ልማድ አለብን፤ እኛ ሐኪሞችም አለብን። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ በቀይ ከወጣ ማስተካከል ያምረናል። አይ ቲ ፒ ላይ ግን የሕክምናው ዓላማ 150 ሺህ መድረስ አይደለም። ዓላማው አደገኛ መድማት እንዳይመጣ ማድረግና ሰውየው ኑሮውን እንዲኖር ነው። የማይደማ አዋቂ ሰው ፕሌትሌቱ 30 ሺህና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ሳይጀመርለት ይከታተላል። ስጋቱ የሚበረታው ከ20 ሺህ፣ ይልቁንም ከ10 ሺህ በታች ሲሆን ነው። በመጀመሪያ 8 ሺህ ሆነሽ ድድሽ ሲደማ ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎን ከዚህ ወገን ነው) መጀመሩ ትክክል ነበር። ስህተቱ የመጣው በኋላ ነው። 35 ሺህ ላይ ሳትደሚ መድኃኒቱ መልሶ መጨመር አልነበረበትም። እዚያው ላይ ተቁሞ ቢታይ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ያለ ኪኒን ትኖሪ ነበር።

ስለዚህ አንቺም «ስንት ገባሁ?» ከማለትሽ በፊት «ደምቻለሁ ወይ?» በይ። ጠዋት ጥርስሽን ስትቦርሺ ድድሽን እዪ። የጉንጭሽን ውስጥ በመስታወት እዪ። ማታ እግርሽን ስትታጠቢ ቁርጭምጭሚትሽን ተመልከቺ። ቀይ ነጥብ ካገኘሽ የብርጭቆ ቂጥ ጫን አድርጊበት። የቁንጫ ንክሻ ይደበዝዛል፤ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ግን በብርጭቆው ውስጥ ቀይ ሆኖ ይታይሻል።

ሌላ ነገር ከማድረግሽ በፊት ግን በሽታው በእርግጥ አይ ቲ ፒ መሆኑ እንደገና ይታይ። አይ ቲ ፒን ለይቶ የሚያሳይ አንድ ምርመራ የለም። የሚደረስበት ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ በማስወጣት ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ደግሞ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ ከወልዲያ በኩል 6 ሺህ ፕሌትሌት ተብሎ የተላከ ሰው መጣልኝ። ሰውየው ደህና ነው። ድዱ ንጹሕ፣ ቆዳው ንጹሕ። ልጆቹ ግን ከኋላ ቆመው ያለቅሳሉ። የደሙን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ፕሌትሌቶቹ ጠርዙ ላይ እንደ ረጠበ ተልባ እርስ በርስ ተጣብቀው ተከምረዋል። ደሙ የተቀዳበት ቱቦ፣ ባለ ወይን ጠጅ ክዳኑ፣ ውስጡ ያለው ኬሚካል አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያጣብቃቸዋል። ማሽኑ ደግሞ ክምር መቁጠር አይችልም። በባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቱቦ ሲደገም 190 ሺህ ሆነ። ሰውየው ምንም አልነበረበትም። ስለዚህ የማሽን ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ የሚባለው፣ ስላይዱን በዓይን የማየት ምርመራ የግድ ነው። አንቺ ድድሽ ስለደማ የአንቺ ቁጥር እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም ተሠርቶልሽ እንደሆነ ጠይቂ።

ሌላው ደግሞ ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም። ሰሊጥ አጨዳ መተማ ከርሞ የተመለሰ ልጅ ነበር። ፕሌትሌቱ ዝቅ ብሏል፤ ከስቷል፤ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። አይ ቲ ፒ ተብሎ ስቴሮይድ ተጀምሮለታል። ሆዱን ስነካው ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወርዷል። ካላዛር ነበር፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ። ስቴሮይዱ የቀረችውን አቅሙን ነው የጨረሰበት። ከዚህ ልጅ የምትይዢው አንድ ነገር ነው፦ አይ ቲ ፒ ጣፊያን አያሳብጥም ማለት ይቻላል። ጣፊያ በእጅ ሲነካ ካበጠ ሌላ ነገር ይፈለግ። ወባ፣ ካላዛር፣ ጉበት ድረስ የዘለቀ ቢልሃርዚያ፣ የጉበት በሽታ ሁሉም ፕሌትሌት ያወርዳሉ። ነጭ የደም ሕዋስም አብሮ ከቀነሰ ወይም የደም ማነሱ ከደማሽው በላይ ከሆነ መቅኔ መመርመር ያስፈልጋል።

ጣፊያሽ ካላበጠና የቀረው ደምሽ ደህና ከሆነ የሚቀሩት ምርመራዎች ጥቂት ናቸው። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ በሴት ልጅ ላይ ደግሞ ሉፐስ የሚባለው ሌላ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ። እና ኤች ፓይሎሪ። ለጨጓራ ብቻ የሚመስልሽ ይኸው ባክቴሪያ አንዳንድ ሰው ላይ ለአይ ቲ ፒ ምክንያት ይሆናል፤ ሲታከም ፕሌትሌታቸው ከፍ የሚል ሰዎች አሉ። ሁሉም ላይ አይሠራም። ግን የሰገራ ምርመራ ነው፣ ሕክምናው የሁለት ሳምንት ኪኒን ነው፣ ዋጋው ከኦፕራሲዮን ጋር አይወዳደርም። ይህ ሳይሞከር ጣፊያ ለማውጣት መቸኮል አይገባኝም። የምትወስጃቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ዘርዝረሽ ንገሪ። ባክትሪምና ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ራሳቸው ፕሌትሌት ሊያወርዱ ይችላሉ።

ስቴሮይዱን እንዴት ትወርጃለሽ? ቀስ ብለሽ፣ ከሐኪም ጋር። ፕሬድኒሶሎን ቀለም ቀቢውንም ነጂውንም ያዳክማል፤ ለዚያ ነው ቶሎ የሚሠራው። ለአዋቂ አይ ቲ ፒ የሚመከረው ግን መቀነሻውን ጨምሮ በጠቅላላው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ስኳር ያመጣል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ይጥላል፣ ለሳንባ ነቀርሳ በር ይከፍታል። ከዚህ በተጨማሪ ከኩላሊትሽ በላይ ያለችው አድሬናል የምትባል እጢ ራሷ ስቴሮይድ ታመርት ነበር። ለ14 ወር ከውጭ ሲመጣላት እጇን አጣጥፋ ተኝታለች። ኪኒኑን በድንገት ብታቆሚ ቶሎ አትነቃም። ያኔ ማስታወክ፣ መዛል፣ ግፊት ወርዶ ራስን መሳት ይመጣል። ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል፤ መጨረሻ ላይ ወደ 5 ሚሊግራም ሲጠጋ ይበልጥ ይዘገማል።

እየቀነስሽ ሳለ ፕሌትሌትሽ 35 ሺህ ላይ ቢቆም፣ ባትደሚም፣ ሐኪምሽ መልሶ ልጨምር ካለ «ሳልደማ ለምን?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እስከዚያው ስኳርሽን፣ ግፊትሽንና ዓይንሽን ታዪ፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታዘዝልሽ። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ስትሮንግሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል አለ፤ በባዶ እግር ከአፈር ይገባል፣ ዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ላይ ግን ተነስቶ በሰውነት ሊበተን ይችላል። አገራችን ውስጥ ስላለ ሐኪምሽን አይቨርሜክቲን ያስፈልገኛል ወይ በይው።

ከቀነስሽ በኋላ ከ20 ሺህ በታች ብትወርጂ ወይም ብትደሚስ? ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ይመጣል። ምርጫው ደግሞ በኪስሽና በሚገኘው ነገር ጭምር ይወሰናል፤ መደበቅ አያስፈልግም።

አዛቲዮፕሪን የሚባል ኪኒን አለ። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀለም ቀቢውን ያደክማል። ችግሩ ዝግተኛነቱ ነው፤ ሥራው እስኪታይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ነጭ የደም ሕዋስና ጉበት በየጊዜው መታየት አለባቸው። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት ከሌሎቹ ይልቅ ተስማሚ ስለሆነ ለአንቺ በመጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

ሪቱክሲማብ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ ቀለም ቀቢዎቹን ይበትናል። ከአሥር ሰው ስድስቱ ገደማ መጀመሪያ ላይ ይሻላቸዋል፤ ለዓመታት የሚዘልቅላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ካለ ቫይረሱን ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ሳይመረመሩ አይወሰድም። ኤልትሮምቦፓግና ሮሚፕሎስቲም የሚባሉት ደግሞ አምራቹን የሚያነቁ ናቸው፤ ጣፊያው ከሚውጠው በላይ እንዲመረት ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አሉ፤ አብዛኛው ሰው ላይም ይሠራሉ። ዋጋቸው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው፤ ተጀምረው ሲቋረጡ ፕሌትሌቱ ከቀድሞው በታች ሊዘቅጥ ስለሚችል ለሦስት ወር ተበድረሽ የምትጀምሪው ነገር አይደለም። ኤልትሮምቦፓግ ያገኘሽ ከሆነ ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ ጋር አትውሰጂው፤ ካልሲየም ይይዘዋል። በእርግዝናም አይመረጥም።

ጣፊያ ማውጣት ነጂውን ማባረር ነው። ቀለም ቀቢው እንዳለ ይቀመጣል፤ ቀለም የተቀቡትን የሚለቅም ግን ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1916 ፕራግ ውስጥ ካዝኔልሰን የሚባል የሕክምና ተማሪ ሐሳቡን አቅርቦ ከተሠራ ጀምሮ የኖረ ሕክምና ነው። ዛሬም ከሦስት ሰው ሁለቱ ላይ ውጤቱ ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል፤ ከኪኒኖቹ የትኛውም ይህን ያህል አይዘልቅም። እኔ የጣፊያ ኦፕራሲዮን ጠላት አይደለሁም። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነለት፣ እየደማ የሚኖር ሰው ላይ እኔም እልካለሁ።

አንቺ ላይ አሁን የማልለው ለሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከወር አበባሽ በቀር አትደሚም፤ ስቴሮይዱ ሲወርድ የት እንደምትቆሚ ገና አልታወቀም። ሁለተኛ፣ ከስቴሮይድ በቀር የሞከርሽው ነገር የለም። ሦስተኛው ባቲ ነው። ደሴ ደጋ ናት፤ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ቆቦ ግን የወባ አገር ናቸው። የወባን ተውሳክ የያዘውን ቀይ የደም ሕዋስ ከደም ውስጥ የሚያጣራው ጣፊያ ነው። ጣፊያ የሌለው ሰው ወባ ሲይዘው ይከብድበታል። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ባክቴሪያዎችም እንዲሁ፤ ማለዳ ትኩሳት ጀምሮት ማታ ከባድ ሕሙም የሚሆን አለ። ይህ ስጋት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዕድሜ ልክ ነው። አንድ ቀን ጣፊያሽ የሚወጣ ከሆነ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት የእነዚህ ባክቴሪያዎች ክትባት፣ ማለትም የኒሞኮከስ፣ የሜኒንጎኮከስና የሂብ ክትባት ይሰጥሽ። ክትባቱ የት እንደሚገኝ ሳይታወቅ ቀጠሮ አትያዢ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ትኩሳት «ነገ እናየዋለን» የሚባል አይደለም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ነው።

«ከወር አበባዬ መብዛት በቀር አልደማም» ብለሻል። እሱ ራሱ መድማት ነው። ሴቶች ይህን ከመድማት አይቆጥሩትም፤ ለዓመታት እየፈሰሰ ድካሙን በሱቅ ሥራ ያሳብባሉ። ሞዴስሽን በሁለት ሰዓት የምትቀይሪ ከሆነ፣ ረጋ ያለ ደም የሚወጣ ከሆነ፣ ከሰባት ቀን ካለፈ በዝቷል። ሄሞግሎቢንሽና የብረት ክምችትሽ ይታይ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን በሚበዛብሽ ቀናት ብቻ ቢታዘዝልሽ ፕሌትሌትሽን ሳይነካ ደሙን ይቀንሰዋል። የሆርሞን መድኃኒትም አለ፤ የማህፀን ሐኪም ይምረጥልሽ። የብረት ኪኒን ከጀመርሽ ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ ቡናውም ሻዩም ብረቱን ይይዙታል። ወሎዬን ቡና ተዪ ማለት ስለማይሆንልኝ፣ ኪኒኑን ዋጪና ሁለት ሰዓት ቆይተሽ አቦሉን ጀምሪ። ድካሙ ደግሞ ከደም ማነስ ብቻ አይመጣም፤ አይ ቲ ፒ ራሱ ያደክማል። ሰነፍ ሆነሽ አይደለም።

አክስትሽን በአክብሮት እምቢ በያት። ዋግምት ቆዳ በምላጭ ተበጥቶ ደም የሚሳብበት ነው፤ ደም መርጋት ለሚያቅተው ሰው የመጨረሻው የማይሆን ነገር ነው። በሽታው የደም መቆሸሽ ስላልሆነ የሚጠራም ነገር የለም። ከዋግምት በላይ የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒት ቤት ያለው ነው። ወገቤን ስትይ ዲክሎፌናክ፣ ራሴን ስትይ ኢቡፕሮፌን ወይም አስፒሪን ይሰጡሻል። እነዚህ የቀሩሽን ፕሌትሌቶች ሥራ ያስፈቷቸዋል። ለሕመም ፓራሲታሞል ውሰጂ። ቂጥ ላይ የሚወጋ መርፌም አይሁን፤ ጡንቻ ውስጥ ደም ይቋጥራል። በኪኒን የሚገኘውን በኪኒን በይ። ጥርስ ከማስነቀልሽ በፊት ንገሪያቸው።

ግሸን ሂጂ። እናትሽን አታሳዝኚ። ጸበል ጠጥቶ ኪኒን መዋጥ አይጋጭም፤ አብረው ሆድ ውስጥ ሲጣሉ አላየሁም። የሚያጣላው «መድኃኒቱን ትተሽ» የሚለው ቃል ነው። ለምን እንደማይተው ከላይ ስለ አድሬናል የጻፍኩትን አንብቢላት። አቀበቱን የምታውቂው ነው፤ መስከረም 21 ሕዝቡ ሲጋፋ መውደቅ አለ፤ ስለዚህ ከበዓሉ ግርግር ውጪ ቀን ምረጡ። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ጾም ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለሕመምተኛ ቁራሽ ዳቦ የሚከለክሉ አይመስለኝም። ረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎችም ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ከሱሁር ጋር ሊወስዱት ይችላሉ።

ልጅ ትወልጃለሽ። አይ ቲ ፒ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች በደህና ይወልዳሉ። ብቻ ድንገት አይሁን። ስቴሮይዱ ዝቅ ብሎ፣ ደም ማነሱ ታክሞ፣ መድኃኒቶችሽ ለእርግዝና የሚሆኑ መሆናቸው ተረጋግጦ ይሁን። እርግዝናው ላይ ካልደማሽ 30 ሺህም ይበቃል፤ ለወሊድ ግን 50 ሺህ፣ በወገብ ለሚሰጥ ማደንዘዣ 70 ሺህ ገደማ ይፈለጋል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሕክምናው ሊጠናከር ይችላል። ወሊዱ ደም ማግኘት የሚቻልበት ሆስፒታል ይሁን፤ ቤት አይሁን። በአይ ቲ ፒ ምክንያት ብቻ በኦፕራሲዮን መውለድ የለብሽም።

ሕፃኑን አትርሱት። ያ ቀለም፣ አንቲቦዲው፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እሱ ያልፋል። ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ፕሌትሌቱ ከ50 ሺህ በታች ሊሆን ይችላል። ዝቅ የሚለው ሲወለድ ሳይሆን ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል። ወንድ ከሆነ በስምንተኛው ቀን ግርዛት የሚባለው ነገር ፕሌትሌቱ ሳይታይ እንዳይሞከር። እንጥል ማስቆረጥማ ለማንም ሕፃን አይሆንም።

ሳታመነቺ ድንገተኛ ክፍል የምትሄጂበትም አለ። እስከዛሬ የማታውቂው ኃይለኛ ራስ ምታት፣ በተለይ ከማስታወክ፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከመንተባተብ ጋር። ራስሽን ከተመታሽ፣ ደህና ነኝ ብትይም። አፍሽ ውስጥ ደም የቋጠረ ውሃ ያዘለ ነገር ካየሽ። ሽንትሽ ደም ከመሰለ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ፤ የብረት ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ ግን አያጣብቀውም፣ ያን የሚሰነፍጥ ሽታም አያመጣም። ነስር ሲጀምርሽ ወደ ኋላ አትጋደሚ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ለስላሳውን የአፍንጫሽን ክፍል 15 ደቂቃ ሳትለቂ ጨምቂ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ሂጂ። አንጎል ውስጥ መድማት በአዋቂዎች ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ላይ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ነው፤ ሲደርስ ግን ሰዓት አይሰጥም። ለዚህ ነው ቦርሳሽ ውስጥ «አይ ቲ ፒ አለብኝ፤ ፕሬድኒሶሎን ይህን ያህል እወስዳለሁ፤ በድንገት እንዳይቋረጥብኝ፤ ዲክሎፌናክ እንዳይሰጠኝ» የሚል ወረቀት የምትይዢው። ሁለቱን ስልክ ቁጥር ከታች ጻፊበት፤ የቤተሰብሽንና የሐኪምሽን።

ባቲ መውረዱን አትተዪ። በሳምንት አንድ ቀን የምትሸጪው ነገር ሕክምናሽን የሚከፍለው እሱ ነው። በሞተር አትሂጂ፤ ሚኒባስ ያዢ፣ ቀበቶ ካለው እሰሪ። የጨርቅ ጥቅሉን ራስሽ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አታውርጂ፤ ልጅ ይያዝልሽ። ካደርሽ አጎበር ሥር ተኚ። ከተመለስሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከጀመረሽ የወባ ምርመራ አድርጊ፤ ፕሌትሌትሽም ከወረደ አይ ቲ ፒው ተነሳ ብለሽ ስቴሮይድ ከማስጨመርሽ በፊት የወባውን ውጤት ጠብቂ።